በረዶ ተሸክሜ ናዳ ስሻገር

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ከኖርዌይ የ11 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሊጥ እያቦካሁ ስለነበር በክርኔ ነካ አድርጌ ከፈትኩትና ስልኩን ከቡሃቃው ጎን አስደገፍኩት። ያለው ትሮምሶ ነው፤ ካርታ ላይ ወደ ላይ ስትሄዱ ስትሄዱ አገሩ ሊያልቅ ሲል የምትገኝ ከተማ። የሥራ ባልደረቦቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በበረዶ ሸርተቴ ተራራ ይወጣሉ። እሱም አብሬ ልሂድ ቢላቸው፣ መጀመሪያ ስለ በረዶ ናዳ የሁለት ቀን ሥልጠና ውሰድ አሉት። ወሰደ። ከዚያ የሰማውን ሁሉ እኔ ላይ አራገፈው።

«እታለሜ፣» አለ ገና ሲጀምር፣ «ሰውዬው ስለ ናዳ ሲያስተምረን እኔ የማስበው ስለ በረዶ አልነበረም። ያንን ያንቺን ነሐሴ ነበር።»

ያንን ነሐሴ ጽፌው አላውቅም። ለመሥሪያ ቤት ግማሽ ገጽ ጽፌያለሁ፤ እሱ ግን አይቆጠርም።

ሰባት ዓመት ደላንታ ውስጥ ጤና ኤክስቴንሽን ነበርኩ። ደላንታን ለማያውቅ፣ ከደሴ ተነስቶ በኩታበር አድርጎ ወገል ጤና ሲደርስ የሚያገኘው ገበታ የመሰለ ደጋ ነው። ገብስ፣ ምስር፣ ነፋስ። ዳር ላይ ሲደርሱ ግን መሬቱ ድንገት ያልቃል። በደቡብ በሽሎ፣ በሰሜን ጅጣ ሜዳውን ቆርጠው ገደል አድርገውታል። አፄ ቴዎድሮስ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ እነዚህን ገደሎች በመንገድ አስቆርጠው ነው ያለፉት። ከኋላ የመጣው የእንግሊዝ ጦርም በዚያው መንገድ ተጠቅሟል። የኔ ሸክም የክትባት ሳጥን ነው፤ ሆኖም ያንን ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ንጉሡ ትዝ ይሉኛል። አንድ ነገር ግን አለ። እሳቸው የተጓዙት ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ በበጋው ነው። ክትባት ክረምት አይልም።

ከምሠራበት ቀበሌ አንዷ ጎጥ የገደሉ ወገብ ላይ ናት። ቤት ውስጥ ከግድግዳው ተያይዞ እንደሚሠራው መደብ ማለት ነው፤ ከላይዋ ገደል፣ ከታችዋ ገደል፣ መሐሉ ጠፍጣፋ። አፈሯ ጥቁርና ጥልቅ፣ ምንጯ በጋም የማይነጥፍ። ለምን እንዲህ ለመለመች ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጎጧ የተቀመጠችው ድሮ ከላይ በወረደ ናዳ ላይ ነው። የወረደው መሬት ሲረጋ ጠፍጠፍ ይላል፤ አፈሩ የተከማቸ ነው፤ ውሃም ከሥሩ ይወጣል። ሰው ደግሞ የሚፈልገው እነዚህኑ ሦስቱን ነው። በወሎ ተራሮች እንዲህ ያለ ጎጥ ሞልቷል።

ስለ ሳጥኑ ትንሽ ልበል፤ ሳጥኑን የማያውቅ ታሪኩም አይገባውም። ቫክሲን ካሪየር እንለዋለን። በአራት አይስ ፓክ ተከብቦ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። አይስ ፓኩ ከፍሪዘር እንደወጣ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይጠበቃል። ላብ ላብ ይለዋል። ከዚያ አንስቼ ጆሮዬ ሥር እነቀንቀዋለሁ። ውስጡ ውሃ መንቦጫቦጩን ከሰማሁ ደርሷል። ሳልሰማ ከከተትኩት ፔንታ የምንለውን፣ ቅዝቃዜ የማይችለውን ክትባት፣ አቀዝቅዞ ያበላሽብኛል። ስለዚህ ወንድሜ፣ «እዚህ በረዶን በጆሮም ያዳምጡታል፤ ስትረግጪው ከሥር ዉምፕ ብሎ ከሰጠመ ወዲያው ተመለሺ ይላሉ» ሲለኝ ብዙም አልገረመኝም። በረዶ ማዳመጥማ ሥራዬ ነበር።

ልጁ ቃሉ ራሱ አስቸግሮታል። በረዶ ሲል እኛ የሚታየን ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ነው። አመዳይ ሲል ደግሞ ኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ የሚነጣው። የእነሱ ዱቄት እየመሰለ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ወራት የሚተኛ ነገር ነው። በመጨረሻ «ያ ነጩ» እያለ ቀጠለ።

ነሐሴ 2009 ላይ ዝናቡ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ወረደ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ሰማዩ ጥርት። ያ ጠዋት ነው የሚያታልለው፤ ዝናቡ ከላይ ቆሟል፣ የጠለቀው ውሃ ግን ገና በተራራው ሆድ ውስጥ እየተጓዘ ነው። ወንድሜም ይህንኑ አለኝ፦ ብዙ ነጭ ከወረደ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ብሩህ ቀን ሰው ሁሉ ተራራ የሚወጣበትና ተራራው ገና ያልረጋበት ቀን ነው።

አፋፉ ላይ ስደርስ ወደ አሥራ አራት ሰው ተሰብስቧል። የሚበዛው ለቅሶ ሄዳጅ ነው። ጨውና ዘይት የጫኑ ሁለት አህዮችም አሉ። ወርደን ወርደን ከተረተሩ አፍ ደረስን። ተረተሩ ከላይኛው ገደል ሥር የተዘረጋ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል የሣር ተዳፋት ነው። መንገዱ አንድ እግር ብቻ ያስኬዳል። ከመጀመርያው በፊት ምንጯ አለች፤ ሁልጊዜ ውሃ የምንጠጣባት።

ከፊት የሚሄዱት ሽማግሌ፣ ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው፣ ምንጯ ዘንድ ቆሙ። ቁጢጥ ብለው በመዳፋቸው ውሃ ጠለቁና ዝም ብለው አዩት። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል።

«ይህች ምንጭ ትናንትም እንዲህ ነበረች?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። ትናንት ማንም ከቤቱ አልወጣም።

«ምንጭ ካልደፈረሰ ተራራ አይወርድም» አሉና ዱላቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ከገደሉ በታች ሣሩ ላይ በሬ ያለፈበት ትልም የመሰለ ጥቁር መስመር አየሁ። ማን እዚያ ላይ ያርሳል? ስንጥቅ ነው። ከሱ በታች ያለችው ጥድ ደግሞ ወደ እኛ ዘንበል ብላለች፤ ድሮም ዘንበል ያለች ትሁን አላውቅም፤ ከዚያ ቀን በፊት ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም።

አንዱ ጎረምሳ፣ «አያ፣ ቀብሩ ሊያመልጠን ነው እኮ» አላቸው።

«እኛም እንዳንጨመርበት ብዬ ነው» አሉት።

ከዚያ ደነገጉልን። አንድ አንድ ሰው ብቻ፤ አንዱ ማዶ ሳይደርስ ሌላው አይነሳም። አህያም ለብቻዋ። ያልተሻገረ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ይቁም። የተሻገረ አረፍ ልበል ብሎ እዚያው እንዳይቀመጥ፣ ጉብታው ላይ ይውጣ። ወሬ የለም፤ የቀረው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ላይ። የኔን ሳጥን ማንገቻ በደረቴ አጋድሜ ነበር ያነገትኩት፤ እሱንም አይተው «ልጄ፣ በአንድ ትከሻሽ አድርጊው። ከመጣ ጥለሽው ትሮጫለሽ» አሉኝ። የክትባት ሳጥን ጥሎ መሮጥ! ያኔ ቅር አለኝ። አሁን ወንድሜ እንደሚለው ከሆነ፣ እዚያም አደገኛ ተዳፋት ሲያቋርጡ አንድ በአንድ ነው፣ የቀሩት ከአደጋው ውጪ ቆመው ያያሉ፣ የዱላውን ማሰሪያ ከእጅ አንጓ ያወልቃሉ፤ ናዳው ከወሰደህ ዱላው ወደ ታች ስለሚጎትትህ።

ሰባተኛ ነበርኩ። መሬቱ ከእግሬ ሥር እንደዚህች አሁን እንደማቦካት ሊጥ ነው የሆነው፤ ስረግጠው ይሰጥማል፣ ሳነሳ ይመለሳል። ሽታውን አልረሳም፤ በክረምት አዲስ የታረሰ መሬት ሽታ፣ ግን ማንም ያላረሰው። ጠጠር ከላይ ኮለል እያለ ሁለት ጊዜ እግሬን መታኝ። መቶ ስልሳ እርምጃ ድረስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋኝ።

አንደኛዋ አህያ አለፈች። ሁለተኛዋ ግን እምቢ አለች። ጎተቷት፣ ገፏት፣ ሰደቧት፤ አራት እግሯን ተክላ ቀረች። ባለቤቷ ጭነቱን አራግፎ ቋጥኙ ሥር አሰራትና ትቷት ተሻገረ።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሕፃን ጭኑን ይዤ መርፌ ልወጋው ስል ነጎድጓድ መሰለኝ። ነጎድጓድ ግን ያቆማል፤ ይሄ አላቆመም። ወጥተን ስናይ ተረተሩ የለም። ሣሩ፣ ጥዷ፣ መንገዱ፣ ምንጯ ተጠራርገው ወርደው በቦታቸው ቀይ ቁስል የመሰለ ነገር ቀርቷል። ሰው አልነበረበትም። አህያይቱ ማዶ ቋጥኟ ሥር ቆማ ታየናለች። እስካሁን ሳስበው፣ ከሁላችንም ልክ የነበረች እሷ ብቻ ናት።

ይህን የምለው አያን ለማሳነስ አይደለም። እሳቸው ባይኖሩ አሥራ አራታችንም ተያይዘን እያወራን ነበር የምንሻገረው። ግን የደፈረሰ ምንጭና አዲስ ስንጥቅ አንድ ላይ ካዩ መልሱ አንድ አንድ እያሉ መሻገር አይደለም፤ መመለስ ነው። አንድ በአንድ የሚኬደው ሌላ መንገድ ሲጠፋና የሚቀረውን ጉዳት ለማሳነስ ነው። በኋላ ይህንኑ ስላቸው ቅር አላላቸውም። «መመለስማ ነበረብን። ግን ለቅሶ ነውና ምን ይሉናል አልን» አሉኝ።

እኔን ምን እንዳሻገረኝ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። የክትባት ሽፋን። የወሩ ሪፖርት ላይ ያቺ ጎጥ ባዶ ሆና መታየት አልነበረባትም። የወንድሜ አሠልጣኝ፣ ናዳ ከሚበላው ሰው ብዙው አደጋውን ያላወቀ አይደለም፣ አውቆ የሄደ ነው አለ አሉ። ጓደኞቹ ሄዱ፣ ሌላ ቀን ዕረፍት የለውም፣ ይህን ያህል ርቀት መጥቶ ባዶ እጁን ሊመለስ? እንደውም ሰው ከሚሞትባቸው የበረዶ ናዳዎች አብዛኞቹን የሚቀሰቅሳቸው የሟቹ ወይም የጓደኛው ክብደት ነው። የእነሱ ሱስ ነው፣ የኛ ለቅሶና ገበያ ነው ብዬ ልለየው ሞክሬ ነበር፤ ለተራራው ግን ልዩነት የለውም።

ሦስት ሌሊት እዚያው አደርኩ። በረዶዬ በመጀመሪያው ሌሊት አለቀ። ብልቃጦቹን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጎጆ ውስጥ ካለ ውሃ የተሞላ እንስራ ውስጥ አንጠለጠልኳቸው። በየጠርሙሱ ላይ አንዲት ክብ አለች፣ በክቧ ውስጥ ነጣ ያለች አራት ማዕዘን። ሙቀት ባገኛት ልክ ትጠቁራለች፤ ከክቧ ጋር ከተመሳሰለች ክትባቱ ይጣላል። በቀን አምስት ጊዜ ወደ ብርሃን አውጥቼ ሳያት ሰነበትኩ። ጠቆር አለች እንጂ ክቧን አላከለችም። በአራተኛው ቀን በታች በኩል በእግር ዞረን ወጣን፤ ግማሽ ሰዓት የነበረው መንገድ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። ስደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «አይስ ፓኩን ለምን በዕለቱ አልመለስሽም?» የሚል ነበር። ግማሽ ገጹን የጻፍኩት ያኔ ነው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ፤ ከ11 ደቂቃው አምስቱ ስለ ንጣፍ ነው። ያ ነጩ አንድ ወጥ ሆኖ አይተኛም። እያንዳንዱ ማዕበል የራሱን ንጣፍ ይጥላል፤ ነፋስ ከአንዱ ጎን ጠርጎ በሌላው ጎን ይከምራል። ከንጣፎቹ መሐል አንዱ እንደ ስኳር የማይያያዝ ከሆነ፣ ከላዩ ያለው ጠንካራ ንጣፍ ሰው ሲረግጠው እንደ ሳንቃ ተሰንጥቆ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ለዚህም ተዳፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካነሰ አይንሸራተትም፣ በጣም ከቆመም ቶሎ ቶሎ እየረገፈ ብዙ አይከማችም።

ይህን ስሰማ የታየኝ ኦፓል፣ ያ የከበረ ድንጋይ፣ ነው። በ2000 ዓ.ም. ደላንታ ላይ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ገደሉን በዶማ እየቦረቦሩ የሚገቡ ልጆች ሁሉ ያውቁታል፤ ኦፓሉ የትም አይደለም፣ በገደሉ ወገብ ላይ በምትሄድ አንዲት ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ነው። የኛ ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ፣ ድንጋይ በአመድ ላይ፣ አመድ በድንጋይ ላይ እየተደራረበ የተሠራ ነው። አመዱ በዘመን ብዛት ሸክላ ሆኗል። ውሃ ከላይ ሰርጎ ሸክላው ጋ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። እዚያ ሲቆም ነው በውስጡ የሟሟው ማዕድን በዘመናት ኦፓል የሚሆነው። እዚያው እየቆመ ነው ደግሞ ነሐሴ ላይ ሸክላውን አሙልጮ ከላዩ ያለውን የሚለቀው። ሀብቱም ናዳውም ከአንድ ስፌት ነው የሚወጡት። ጉድጓዱ ተደርምሶ ልጆች የቀሩበት ጊዜም አለ።

በዓመቱ ጥር ላይ፣ ደረቅ ሲሆን፣ ከተረተሩ የተረፈውን ዳር ለካሁት። ዱላ ተዳፋቱ ላይ አጋድሜ፣ ስልኬን ዱላው ላይ አስተኝቼ፣ የስልኩን የተዳፋት መለኪያ ከፈትኩ። 33 አለኝ። ወንድሜ ይህን ስነግረው ደስ አለው፤ «አየሽ፣ ልክ ከሠላሳው በላይ!» እኔ ግን ደስ አላለኝም። ለአፈር ይህ ሕግ አይሠራም። ውሃ የጠገበ ሸክላ ከዚያ በጣም ባነሰ ተዳፋት ይሄዳል። እዚያው በሱ አገር፣ ያርድሩም በምትባል ቦታ፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 30 ቀን 2020 ሌሊት ሜዳ ሊባል ጥቂት የቀረው ሰፈር ሸክላው ከሥሩ ፈሶ 10 ሰው ሞቷል። ስለዚህ ስልኩን አውጥታችሁ 25 ስላለ ድንኳን እንዳትተክሉ።

እነሱ ጋ በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይወጣል፤ ዛሬ በዚህ ተራራ አደጋው 3 ነው፣ በሰሜን ፊቱ ተጠንቀቁ ይባላል። ሰው ሁሉ 5ን ይፈራል፤ የሚበዛው ሰው የሚሞተው ግን 3 በተባለበት ቀን ነው፤ በ5ማ ማን ይወጣል? የኛ ሬዲዮ ስለ ደቡብ ወሎ ይናገራል እንጂ ስለ አንዲት ተረተር አይናገርም። የኛ ቁጥር ምንጩ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱ አገሮች በጣም ይለያያሉ። በእነሱ ናዳ የተቀበረ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ደረቱ ላይ ምልክት የሚልክ መሣሪያ አስሮ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ ተሸክሞ ይሄዳል። እርዳታ ከከተማ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ አዳኙ አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ነው። እኛም ተሯሩጦ መቆፈርን ማንም አያስተምረንም፤ እንዲያው ነን። ግን ጎፋ ላይ፣ ሐምሌ 2016፣ የሆነውን ሁላችን ሰምተናል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሁለተኛው ወረደ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙው ሊያወጣ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ለሚመደቡ ልጆች ስነግራቸው ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህንን ነው፦ ከመቆፈራችሁ በፊት አንድ ሰው ጉብታ ላይ አቁሙ፤ ሥራው ወደ ላይ ማየትና መጮህ ብቻ ይሁን። ወገናችሁ ከሥር እያቃሰተ ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ።

የቀረውን ከመንገድ ይማሩታል። ክረምት ላይ ተረተር የሚሻገሩት በጠዋት ነው፣ ዝናቡ ከሰዓት ስለሚመጣ። ግን ከከባድ ዝናብ በኋላ ጠዋቱም አይታመንም። ገደል ሥር ሲያልፉ ጭላዳ ከላይ እየጋጠ ከሆነ መጠበቅ፤ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ይቅርታም አይጠይቅም። በሽሎ ላይ ሰማይ ጥርት ቢልም ደራሹ ከላይ አገር ይመጣል። ወዴት እንደምትሄዱና በየት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ነግራችሁ ውጡ፤ እኔ ያኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ እናቴ «ልጄ ሞታለች» ብላ ነበር።

ድምፁን ሰምቼ ስጨርስ ሊጡ ደርቆብኛል። እጄን ታጥቤ ጎጧ ውስጥ ለማውቃት ሴት ደወልኩ። ምንጯ በሁለተኛው ዓመት ከበፊቱ ቦታ ትንሽ ወረድ ብላ ወጥታለች። ስለ እሷ ስጠይቅ አያ ከጎን ስልኩን ተቀበሏት።

«ማናት? ያቺ ባለሳጥኗ ናት?»

«እኔ ነኝ አያ። ምንጯስ እንዴት ናት?»

«ጥርት ብላለች፣ አብሽሪ። በልጉ ግን ገና አልጀመረም።»